ለልዑሉ የፈሰሰ እንባ

አፍራ ቤን በ1688 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችው «ኦሮኖኮ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ሙገሳ አለ፤ ባርነትን የተቃወመ ቀዳሚ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው ይባላል። እኔ ይህን አልቀበልም። መጽሐፉ ያለቀሰው ለአንድ ልዑል ነው፤ ለባሪያ አላለቀሰም።

ታሪኩ ልብ እንደሚሰብር አልክድም። በዛሬዋ ጋና ጠረፍ የሚኖረው የኮራማንቲን ልዑል ኦሮኖኮ ኢሞይንዳ የተባለች ሴት ይወዳል፤ ሽማግሌው ንጉሥ፣ የገዛ አያቱ፣ ይነጥቀዋል፤ ኋላም ለባርነት ትሸጣለች። እሱንም አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ግብዣ ጠርቶ፣ በመጠጥ አድክሞ፣ በሰንሰለት ያስረዋል። ፍቅረኞቹ ሱሪናም ውስጥ በባርነት ይገናኛሉ። መጨረሻቸው ግን ሞት ነው፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱን በገዛ ፈቃዷ በእጁ ይገድላታል፣ እሱም አካሉ እየተቆራረጠ ይሞታል።

ከዚህ ሁሉ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ትዕይንት ነው። ኦሮኖኮ ሱሪናም ደርሶ ወደ ባሮቹ ጎጆዎች ሲሄድ ሰዎቹ አይተው ያውቁታል። እግሩ ላይ ይወድቃሉ፣ እግሩን ይስማሉ፣ እንደ አምላክ ይሰግዱለታል። ከየት አወቁት? አብዛኞቹን ወደዚያ አገር የሸጣቸው እሱ ራሱ ነው! ደራሲዋ ይህን አልሸሸገችም፤ ያለ አንዳች ኀፍረት ጽፋዋለች። ልጁን፣ ሚስቱን፣ አገሩን ያጣ ሰው በሻጩ ፊት ሲቆም ምን ይሰማዋል? እሷ አልጠየቀችም። ቂም የያዘ አንድ ፊት እንኳ አላሳየችንም።

ኦሮኖኮ ለራሱና ለኢሞይንዳ ነፃነት ሲደራደርም ቤዛ አድርጎ የሚያቀርበው ወርቅ ወይም ብዙ ባሪያ ነው። ባሮቹን ለዐመፅ ሲያነሳሳ የሚያንገበግበው በጦር ሜዳ በክብር ሳይማረኩ እንደ ዝንጀሮ በገንዘብ መገዛታቸው ነው። ቢማረኩ ኖሮ ባርነቱ በወጉ ነበር ማለት ነው። ፈርተው ሲከዱት ደግሞ ከተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ብሎ ይፈርድባቸዋል። ጃሞአን የተባለውን የጠላት ጦር አዛዥ ማርኮ ሳይሸጠው የቀረውም ትልቅ ሰው ስለሆነ ነው።

ይህ ለእኛም እንግዳ አስተሳሰብ አይደለም። አማርኛችን «ጨዋ» ሲል መልካም ጠባይ ያለውን ብቻ አላለም፤ ባሪያ ያልሆነውንም ጭምር እንጂ። ጠባይና ዘር በአንድ ቃል ሲታሰሩ ምን እንደሚከተል እናውቀዋለን።

ቤን የእንግሊዝ ስቱዋርት ነገሥታት ታማኝ ነበረች፤ በ1666 ለዳግማዊ ቻርልስ አንትወርፕ ድረስ ሄዳ ሰልላለች። ያንገበገባት የተዋረደ የንጉሥ ደም ነው። የልዑሉን መልክ ስታሞግስ እንኳ አፍንጫው የሮማውያን እንጂ የአፍሪካውያን አይደለም ትላለች፤ ለማሞገስ መጀመሪያ ከወገኖቹ ለየችው። በ1695 ታሪኩን ለመድረክ ያበቃው ቶማስ ሳውዘርን ይባስ ብሎ ኢሞይንዳን ነጭ አደረጋት።

መጽሐፉ አይነበብ አልልም። ይነበብ፣ ይተርጎም፣ ለተማሪም ይሰጥ። የምታስተምሩት መምህራን ግን የጎጆዎቹን ገጽ አትዝለሉብን። እግሩን ከሳሙት ሰዎች የአንዱም ስም እዚያ ላይ አልተጻፈም።