በማድ ቤት ውስጥ አስቀድሞ የሚለካው ሰው ነው

ሰው ቤት ለመሥራት ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያሳስበው የእንግዳ መቀበያው ስፋት፣ የመኝታ ክፍሉ ምቾትና የበሩ ማማር ነው። ማድ ቤቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ክፍሎች በተረፈው ቦታ ላይ ይሠራል። ይሁን እንጂ እሳት የሚነድበት፣ የፈላ ድስት የሚወጣበትና የሚወርድበት፣ ስለት ያለው መሣሪያ የሚያዝበት ክፍል ይኸው ማድ ቤት ነው። ስለዚህ ከየትኛውም ክፍል ይልቅ በጥንቃቄ ሊታቀድ የሚገባው እርሱ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተሞቻችን በሚሠሩ አንዳንድ ቤቶች ውስጥ፣ ከግድግዳ ተነጥሎ በማድ ቤቱ መካከል የሚቆም ሰፊ የሥራ ጠረጴዛ ማስቀመጥ እየተለመደ መጥቷል። ባለሙያዎች «አይላንድ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ደሴት ማለት ነው። ስያሜው ተስማሚ ነው፤ ደሴት በውሃ እንደሚከበብ ሁሉ ይህም ጠረጴዛ በአራቱም ጎን በመተላለፊያ መከበብ አለበትና። በቂ መተላለፊያ የሌለው የመካከል ጠረጴዛ መሰናክል እንጂ መገልገያ አይሆንም። በእኔ አስተያየት፣ በማድ ቤት ውስጥ አስቀድሞ መለካት ያለበት ጠረጴዛው ሳይሆን በዙሪያው ቆሞ የሚሠራው ሰው ነው። ለሠራተኛው የሚያስፈልገው ቦታ ተለክቶ ከተተወ በኋላ ለጠረጴዛው የሚበቃ ስፍራ ከተረፈ ይቀመጥ፤ ካልተረፈ ይቅር።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። ክርስቲን ፍሬድሪክ የተባሉ አሜሪካዊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ በጻፏቸው ጽሑፎች የቤት እመቤት በማድ ቤት ውስጥ የምትራመደውን እርምጃ በመቍጠር፣ ዕቃዎች ያለ ሥርዓት ስለተቀመጡ ብቻ ምን ያህል ድካም በከንቱ እንደሚባክን አሳዩ። ጽሑፋቸው ወደ ጀርመንኛ ተተርጕሞ ከተነበበ በኋላ፣ የቪየና ተወላጅ የሆኑት አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 «የፍራንክፈርት ማድ ቤት» የተባለውን ንድፍ አወጡ። ርዝመቱ 3.4 ሜትር፣ ስፋቱ 1.9 ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ በፍራንክፈርት ከተማም ወደ 10,000 በሚጠጉ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ተሠርቷል። ንድፉ የብዙ ሴቶችን እርምጃ ቀንሷል። ነገር ግን ለአንድ ሰው ብቻ የታሰበ ስለነበር፣ እናትና ልጅ አብረው ሊሠሩበት የማይመች ነው ተብሎ ተተችቷል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ መለካት ድካምን እንደሚቀንስ ነው። ሁለተኛው፣ የሚሠሩት ሰዎች ስንት እንደሆኑና እንዴት እንደሚሠሩ ሳይታወቅ የተወሰደ ልክ ጎደሎ እንደሚሆን ነው።

ዛሬ በዚህ ሙያ የተሠማሩ ሰዎች የሚመሩባቸው ልኮች አሉ። በአሜሪካ የሚገኘው ብሔራዊ የማድ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ማኅበር ለንድፍ አውጪዎች ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት፣ አንድ ሰው በሚሠራበት ማድ ቤት ውስጥ በጠረጴዛውና በፊት ለፊቱ ባለው ምድጃ ወይም ዕቃ ማጠቢያ መካከል ቢያንስ 107 ሴንቲ ሜትር መተው አለበት። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች የሚሠሩበት ከሆነ ልኩ ወደ 122 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሥራ ለማይሠራበት ተራ መተላለፊያ 91 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በምድጃ፣ በዕቃ ማጠቢያና በማቀዝቀዣ መካከል ያለው የሦስት ማዕዘን መንገድ ድምሩ ከ7.9 ሜትር እንዳይበልጥ፣ የመካከሉ ጠረጴዛም ይህን መንገድ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ገብቶ እንዳያቋርጥ መመሪያው ይመክራል።

እነዚህ ቍጥሮች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። በሩ ወደ ፊት የሚከፈት የመጋገሪያ ምድጃ እንውሰድ። በሩ ሲከፈት ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል። መተላለፊያው 107 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የጋለውን መጥበሻ ለምታወጣው ሴት ጎንበስ ብላ የምትቆምበት ከግማሽ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቦታ ይቀርላታል ማለት ነው። መተላለፊያው 75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ግን የሚተርፋት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። በዚያች ቅጽበት ሕፃን ልጅ በአጠገቧ ሮጦ ለማለፍ ቢሞክር የሚደርሰውን ጉዳት መገመት አያዳግትም።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። ስፋቱ 3.6 ሜትር የሆነ ማድ ቤት አለ እንበል። በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች ላይ እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር የሚወጡ የሥራ መደቦች ተሠርተዋል። በመካከል የሚቀረው 2.4 ሜትር ነው። ባለቤቱ በዚህ ላይ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ቢጨምር፣ በግራና በቀኝ የሚተርፈው 75፣ 75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህም ከተፈላጊው ልክ እጅግ ያነሰ ነው። መደቡ በአንደኛው ግድግዳ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን 3 ሜትር ይተርፍ ነበር። ከዚህ ላይ ለሥራው ጎን 107፣ ለመተላለፊያው ጎን 91 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ 102 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ 90 ሴንቲ ሜትሩም ጠረጴዛ ያለ ችግር ይገባል። ክፍሉ ያው ነው፤ ጠረጴዛውም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው አስቀድሞ ማሰቡ ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። እነዚህ ልኮች የተዘጋጁት ለምድጃ፣ ለዕቃ ማጠቢያና ለማቀዝቀዣ ነው፤ ምጣድን አያውቁም። በእኛ አገር እንጀራ ጋጋሪዋ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ምጣድ ላይ ክንዷን እያዞረች ሊጡን ታሰፋለች፤ በእንፋሎት የጋለውን አክንባሎ አንሥታ ታስቀምጣለች፤ እንጀራውን በሰፌድ አውጥታ ወደ ጎን ታሳልፋለች። ለእነዚህ እንቅስቃሴዎች ሁሉ ቦታ ያስፈልጋል። የሊጡ ዕቃ በአንድ እጇ በኩል፣ ትኩሱ እንጀራ የሚያርፍበት ጠረጴዛ በሌላው እጇ በኩል በአንድ እርምጃ ርቀት ቢሆንላት ድካሟ ይቀንሳል። እንዲሁም በዓል ሲደርስ፣ ሽንኩርት የምትከትፈው፣ ዶሮ የምትበልተው፣ ወጥ የምታማስለው በአንድ ማድ ቤት ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ለእኛ የሚስማማው ልክ ትንሹ ሳይሆን ትልቁ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢዎች ውስጥ ለባህላዊ የምግብ ዝግጅትና ለእርድ የሚያገለግሉ የጋራ ቤቶች እንዲኖሩ የታሰበውም፣ ይህ ሥራ በጠባብ ክፍል ውስጥ እንደማይሆን ስለታወቀ ነው።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ሐሳብ አይስማሙም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ምሳሌ ጠቅሰው፣ ዋናው የባለሙያዋ እጅ እንጂ የዕቃው አቀማመጥ አይደለም ይላሉ። እናቶቻችን በጠባብ ጎጆ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ያን የመሰለ ወጥ ሠርተው አሳድገውን የለምን? ሲሉም ይጠይቃሉ። እርግጥ ነው፤ ጉልቻው ቢለዋወጥ ወጡ ላይጣፍጥ ይችላል። ነገር ግን ክርክራችን ስለ ወጡ ጣዕም ሳይሆን ወጡን ስለምትሠራው ሰው ነው። እናቶቻችን ያን ሁሉ ችለው መሥራታቸው ትዕግሥታቸውን ያስመሰግናል እንጂ የማድ ቤቱን ጥበት አያስመሰግንም። ችለው ስለኖሩ ብቻ ልጆቻቸውም እንዲችሉት መፍረድ ደግነት አይሆንም።

ሌሎች ደግሞ ቦታና ገንዘብ የለንም ይላሉ። ይህ ብርቱ መከራከሪያ ነው። ሆኖም መለካት ገንዘብ አይጠይቅም። እንዲያውም ቦታው በጠበበ መጠን መለካቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ጋር የሚታጠፍ ሰሌዳ ወይም ተሽከርካሪ እግር ያለው አነስተኛ ጠረጴዛ ከትልቅ የእብነ በረድ ጠረጴዛ የተሻለ አገልግሎት ይሰጣል። ትልቁ ጠረጴዛ በሥዕል ላይ ሲያዩት ያምራል፤ በሥዕሉ ላይ ግን ትኩስ ድስት ይዞ የሚያልፍ ሰው አይታይም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዕቅዱን የሚያወጣው ሌላ፣ በውስጡ የሚሠራው ሌላ መሆኑ ነው። ባለቤቱና ግንበኛው ተነጋግረው ይወስናሉ፤ እናቲቱ፣ እኅቲቱና የቤት ሠራተኛዋ ግን ሳይጠየቁ ይቀራሉ። በየቀኑ ዳሌዋን ከጠረጴዛው ማዕዘን ጋር የምታጋጨው፣ ክንዷ በእንፋሎት የሚቃጠለው ያልተጠየቀችው ናት። ይህ የዕቅድ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የፍትሕ ጉድለትም ነው። ለሥራው ቅርብ የሆነውን ሰው ሳይጠይቁ መሥራት በማድ ቤት ብቻ ሳይሆን በማንኛውም የሥራ መስክ ጉዳት እንጂ ጥቅም አያስገኝም።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፤ ነገ የራሳችሁን ቤት የምትሠሩ፣ ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ የሌላውን ቤት የምትነድፉ ናችሁና ከዛሬው ልመዱ። ጠረጴዛ ከመገዛቱ ወይም ከመገንባቱ በፊት ልኩን በወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ። በመስመሩ ዙሪያ ትሪ ይዛችሁ ተመላለሱ፤ ሁለት ሆናችሁ ተላለፉ፤ የምድጃውንና የማቀዝቀዣውን በሮች ከፍታችሁ እዩ። ከዚያም በማድ ቤቱ የምትሠራዋን ጠይቁና የምትለውን አድምጡ። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ» የተባለው ለልብስ ሰፊ ብቻ አይደለም። የጠመኔ መስመር በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል፤ ያለ ቦታው የተገነባ የድንጋይ ጠረጴዛ ግን ዓመት ከዓመት የሰው ጉልበት ሲበላ ይኖራል።