ዲትሮይትን ተዉልኝ

ልጄ አንድ ቀን «አባዬ፣ ቡድን ልቀይር ነው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ዲትሮይት ፒስተንስ በፈረንጆቹ 2023-24 የውድድር ዘመን ከመጀመሪያዎቹ 3 ጨዋታዎች 2ቱን አሸንፎ ጀመረና ከዚያ 28 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። በኤንቢኤ በአንድ የውድድር ዘመን እንዲህ የሆነ ቡድን የለም። ጨዋታው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ስለሚጀምር ሽንፈቱን የምንሰማው ከቁርስ ጋር ነበር። እናቱ እንኳ «ዛሬስ?» ማለት ትታ ነበር።

እኔ ግን አልቆረጥኩም። ቦስተንን በሜዳው በሰፊ ልዩነት ሲመሩ ቆይተው የተረቱት በጭማሪ ሰዓት፣ 128 ለ122 ነው። ኬድ ከኒንግሃም ያኔ ገና 22 ዓመቱ ነበር፤ በብሩክሊን በተሸነፉበት ምሽት ብቻውን 41 ነጥብ አስቆጥሯል። ጄለን ዱረንና ኦሳር ቶምፕሰን ደግሞ 20 ነበሩ። መጨረሻው ላይ ይደናገጡ፣ ኳስ ያበላሹ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ማን አይደናገጥም?

ለልጄ ስለ ኦክላሆማ ሲቲ ነገርኩት። ቡድኑ በፈረንጆቹ 2008 ከሲያትል ተዛውሮ ሲጀምር ከ32 ጨዋታ ያሸነፈው 3 ብቻ ነበር። ኬቨን ዱራንት 20 ዓመቱ ነበር፣ ዌስትብሩክ ደግሞ ጀማሪ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን 50 ጨዋታ አሸነፉ፤ በ2012 ለፍጻሜ ደረሱ። (ከዲትሮይት በዚያ የውድድር ዘመን ይህን አልጠበቅኩም፤ የቀጣዩን ነበር የማየው።) ልጄ «እነሱ ዱራንት ነበራቸው» ብሎ ዘጋኝ።

እሑድ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ቶሮንቶን ረትተዋል። ሄጄ ቀሰቀስኩት።

«በስንት?» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«129 ለ127።»

ብርድ ልብሱን ገፍፎ ተነሳ።