ልፋቱ ነው ዕቃው

አንድ ኩባንያ ያላለቀ ዕቃ እየሸጠ ሀብታም ይሆናል? ኢኮኖሚክስ ስማር ብትጠይቁኝ «በፍጹም!» እል ነበር። የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ ግን ሆኖለታል። በ1975 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ኩባንያ «ዋርሃመር» ለተባለው የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮችን ይሸጣል። ቆርጦ የሚገጣጥመውም ሆነ ቀለም የሚቀባው ገዢው ራሱ ነው። ቀለሙንና ብሩሹንም ኩባንያው ይሸጥለታል። እንዲህም ሆኖ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከለንደን የአክሲዮን ገበያ 100 ትልልቅ ኩባንያዎች ተርታ ገባ።

«ጊዜ ማባከን ነው» የሚል አይጠፋም። በሰዓት ካሰላነው ልክ ይመስላል። አውራ ጣት የሚያህል አንድ ወታደር መጀመሪያ መነሻ ቀለም ይቀባል፤ ቀጥሎ በውሃ የቀጠነ ቀለም ደጋግሞ በስሱ፤ ከዚያ በልብሱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ጥላ የሚሠራ ጠቆር ያለ ቀለም። ሠራዊቱ ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠር ነው። በዚያ ሰዓት ስንት ብር ይሠራ ነበር?

እኔ ግን ስሌቱ ራሱ ስህተት አለበት እላለሁ። ልፋትን ሁሉ ወጪ አድርጎ ይቆጥራል፤ እዚህ ግን ሰውየው የገዛው ልፋቱን ነው። የጨዋታው ሕግም ይሄን ያውቃል፦ በዋርሃመር 40,000 የቅርብ ዓመታት ሕግ፣ ሠራዊቱን ቀብቶ የመጣ ተጫዋች ከ100 ነጥብ 10ሩን በዚሁ ብቻ ያገኛል።

የእኛ ትውልድ ስለ ሁሉም ነገር «ምን ያስገኛል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ስዕል መሳል የተውኩት ይሄንኑ ጠይቄ ነው። ያኔ ትርፍ ሰዓት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሰዓቱን ግን ስልኬ ወሰደው።