«ዋርኒንግ ነው፣ ዝም በለው» ያልኩት እኔ ነኝ

ወዳጆቼ፣ ይሄ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተር የማይመለከታችሁ ብታልፉት አልቀየምም። ያስተማርኳችሁ ልጆች ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ግማሹ ይቅርታ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ አራት ሰዓት አካባቢ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ጻፈልኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሶፍትዌር ነው የሚማረው። «ቲቸር፣ ሲ ፕሮግራሚንግ አልገባኝም። ዲፓርትመንት ልቀይር ነው» ይላል። ከስር የስክሪኑን ፎቶ ልኳል፤ ጠመም ያለ፣ የጣቱ ጥላ ያረፈበት። የመጨረሻው መስመር «ሴግመንቴሽን ፎልት» ይላል። የ5 ተማሪዎችን ማርክ ተቀብሎ አማካይ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ላይ ሦስት ቀን ቆሟል። ጓደኛው «የኔን ኮፒ አድርግ» ብሎ ሰጠው፤ ጓደኛው ላፕቶፕ ላይ የሚሠራው ኮድ እሱ ጋ ሲመጣ እንቢ አለ።

ይሄ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ላብ ውስጥ መብራት ሲሄድ ፕሮግራሙን ደብተር ላይ ጽፎ በእርሳስ እየተከተለ ውጤቱን የሚያወጣ ልጅ ነበር። ስለዚህ «ከመሞቱ በፊት ኮምፓይለሩ ምን አለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። መልሱ፦ «ምንም፣ ዋርኒንግ ብቻ።»

ያቺን «ብቻ» ከማን እንደተማራት አውቃለሁ። ከኔ ነው።

የላብ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ናት። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ተማሪ ይቀመጣል፣ ግማሹ ኮምፒውተር አይነሳም። ዋርኒንግ ሲመጣ «ኢረር አይደለም፣ ዝም በለውና ራን አድርገው» እል ነበር። ውጤት ከመጣ ጭብጨባ፣ ቀጣይ ቡድን። እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነው። ኮሌጅ እያለሁ ዲፕሎማዬን የሠራሁት በቱርቦ ሲ ነው፤ ያን ሰማያዊ ስክሪን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ቱርቦ ሲ የዶስ ዘመን ዕቃ ነው። ፕሮግራምህ የማይመለከተው ሜሞሪ ላይ ቢጽፍ «ወዴት ነህ?» የሚለው ጠባቂ አልነበረም። ስህተታችን ሁሉ ዝም ተብሎ ስላለፈ ጎበዝ የሆንን መስሎን ተመረቅን።

«ሲ ከባድ ነው» ሲባል እሰማለሁ። «አሮጌ ነው፣ ፓይተን ተማሩ» የሚልም አለ። ፓይተን ተማሩ፣ እኔም አስተምራለሁ። ግን የሊኑክስ ከርነል በአብዛኛው የተጻፈው በሲ ነው፣ ሁላችንም የምንጠቀምበት የተለመደው ፓይተን ራሱ በሲ ነው የተሠራው። ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ቋንቋ፣ በመጀመሪያው የአንሲ ስታንዳርድ ቁልፍ ቃላቱ 32 ብቻ ነበሩ። 32 ቃል የሚከብደው ተማሪ የለም። የሚከብደው ሲ ዝምተኛ መሆኑ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ወርቅ አይደለም። ስትሳሳት ዝም ይልሃል፣ አንዳንዴም ትክክል የሚመስል መልስ ይሰጥሃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የ13ን ፋክቶሪያል በኢንት አስሉት። ብዙ ጊዜ የምታገኙት 1932053504 ነው። ያምራል አይደል? ትክክለኛው ግን 6227020800 ነው፤ ባለ 32 ቢት ኢንት አይችለውም። ቱርቦ ሲ ላይ ኢንት 16 ቢት ስለነበረች የ8 ፋክቶሪያል -25216 ይመጣ ነበር። እሱ እንኳን ይሻላል፣ ኔጋቲቭ ሲታይ ሰው ይደነግጣል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ኮምፓይል ሲያደርግ ከትዕዛዙ ላይ ሰረዝ፣ ትልቁ ዳብሊው፣ ቀጥሎ ትንንሾቹ ኤ፣ ኤል፣ ኤል እንዲጨምር ነገርኩት። ዳብሊዋ የዋርኒንግ ናት፣ «ኦል» ያው ሁሉንም ማለት ነው፤ ግድግዳ አይደለም፣ ብዙ ልጅ እንደዚያ ይመስለዋል። ከዚያ «ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ፣ ፎቶ አትላክ፣ ጻፈው» አልኩት።

የመጀመሪያው መስመር ራሱ ተናገረ፦ ስካንኤፍ አድራሻ ይጠብቃል፣ አንተ ግን ኢንት ሰጥተኸዋል። አምፐርሳንዷን ረስቷል። ያቺ ምልክት «የቤቱን ቁጥር እንካ» ማለት ናት። ስትረሳት የቤቱን ቁጥር ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር ነው የምትሰጠው። ቤቱ ውስጥ 7 ተቀምጦ ከነበረ መልእክተኛው ዕቃውን ተሸክሞ የቤት ቁጥር 7ን ፍለጋ ይሄዳል። ያ ቤት ደግሞ ያንተ አይደለም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በር ላይ ይይዘውና ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ሴግመንቴሽን ፎልት ማለት ይኸው ነው።

ቀጣዩ ዋርኒንግ ድምር የምትለው ቫሪያብል ዋጋ ሳይሰጣት ሥራ ላይ እንደዋለች ይናገራል። ሲ ፈንክሽን ውስጥ የምትፈጥረውን ቫሪያብል ጠርጎ አይሰጥህም፤ ቦታው ላይ ቀድሞ የነበረውን ቆሻሻ ይዘህ ትጀምራለህ። የጓደኛው ላፕቶፕ ላይ «የሚሠራው» እዚያ በአጋጣሚ 0 ስለነበረ ነው። ሦስተኛውን ስህተት ግን ኮምፓይለሩ አላየውም። ሉፑ ከ0 እስከ 5 ይሄዳል፣ 5 ወንበር ያለው አሬይ ደግሞ 4 ላይ ያልቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ አድሬስ ሳኒታይዘር የሚባል ነገር ጂሲሲም ክላንግም ውስጥ አለ፤ ፕሮግራሙ እየሄደ እያለ ስንተኛው መስመር ላይ ከአሬዩ እንደወጣህ ይነግርሃል። ነፃ ነው። እኔ ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ስንት ባች ካለፈ በኋላ።

አሁን ይቅርታው። ከጥቂት ዓመት በፊት የኮምፒውተር ክበባችን ውስጥ የነበረች አንዲት ልጅ የክፍሏን ስም ዝርዝር በአማርኛ የሚመዘግብ ፕሮግራም መሥራት ፈለገች። ለስም 10 ቦታ ያዘች። «አበበ» ብላ ስትሞክር ሠራ። «ተስፋዬ» ስትል ተበላሸ፣ ሌላው ተማሪ ስም ላይ ፍርስራሽ ፊደል መጣ። ጠራችኝ። እኔ ምን አልኳት? «ሲ አማርኛ አይችልም፣ በእንግሊዝኛ ጻፊው።» ጻፈች። ግን ከዚያ በኋላ ክበቡ ላይ እምብዛም አላየኋትም።

ውሸት ነበር የነገርኳት። ሲ ስለ ፊደል አያውቅም፣ ባይት ነው የሚቆጥረው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይይዛል፣ አንድ የኛ ፊደል ግን 3 ባይት። «አበበ» 9 ባይት ነው፣ መጨረሻ ላይ «እዚህ አለቀ» የምትለዋ ዜሮ ስትጨመር 10፤ ልክ ገባ። «ተስፋዬ» 12 ሲደመር 1፣ 13 ይሆናል። የተረፈው 3 ባይት ጎረቤቱ ላይ ፈሰሰ። መፍትሔው ቦታውን ማስፋትና ከቦታው በላይ እንዳያነብ መገደብ ብቻ ነበር። ያቺ ልጅ በአንድ ቀን ያገኘችው ስህተት የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ኢንተርኔትን ያተራመሰው የሞሪስ ዎርም ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ጌትስ በሚባለው የሲ ፈንክሽን በኩል ነበር፣ ቦታ ሳይለካ የሚያነብ። ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2011 ከስታንዳርዱ ተሰርዟል። የኔ ኖት ላይ ግን ከዚያ በኋላም ዓመታት ኖሯል። ይሄን ካነበብሽ፣ ልክ ነበርሽ። እኔ ነኝ ያልገባኝ።

እና ለመምህራን ጓደኞቼ፦ የመጀመሪያውን ቀን «ሄሎ ወርልድ» ላይ አናባክነው። የሚሠራ ፕሮግራም ይዘን እንግባና ተማሪው ፊት እንስበረው። ሴሚኮለን እናንሳ፣ 12 ኢረር ይምጣ፣ ከዚያ «የትኛውን ነው የምታነቡት?» ብለን እንጠይቅ። ሁሉም የመጨረሻውን ያነባሉ፣ ዓይናቸው ያለው እዚያ ስለሆነ። ማንበብ ያለባቸው ግን የመጀመሪያውን ነው፤ እሱ ሲስተካከል ሌሎቹ ብዙ ጊዜ አብረው ይጠፋሉ። ፈተናችንም «ውጤቱ ስንት ነው?» ብቻ ከሚል «ይሄ ለምን ተበላሸ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይኑረው። አንድ ባልደረባዬ «ጀማሪን በዋርኒንግ ታስፈራራለህ» ይለኛል። የሚያስፈራው ያልተነበበ ዋርኒንግ ነው ባይ ነኝ። እንግሊዝኛው ይከብዳቸዋል ካለ ግን ልክ ነው፤ እዚያ ላይ እኛ አጠገባቸው ቆመን መተርጎም አለብን።

ላፕቶፕ የለንም የምትሉ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስን ጭናችሁ ክላንግን ማውረድ ትችላላችሁ። ስልክ ላይ ኮድ መጻፍ ጣት ያሳምማል፣ ግን ይሠራል።

ልጁ አምፐርሳንዷን ጨመረ፣ ድምርን ከ0 አስጀመረ፣ ሉፑን አስተካከለ። ዲፓርትመንቱን ይቀይር አይቀይር አልጠየቅኩትም። ትናንት ማታ ግን እንደገና ጻፈ፣ በዚህ ጊዜ ፎቶ የለም፦ «ቲቸር፣ ዋርኒንግ የለም፣ ሁሉም ንጹሕ ነው። ግን 45 ከ60 ስንት ፐርሰንት ነው ስለው 0 ይለኛል።»

«45ን ለ60 ስታካፍል ኢንቲጀር ስንት ይደርሰዋል?» ብዬ መለስኩለት።

ለረጅም ጊዜ «ታይፒንግ» ሲል ቆየና «አሃ» ብሎ ላከ።