የሞተውንም ጻፍ

አንባቢ ሆይ፥ ቅጽ ስትሞላና መዝገብ ስታስተካክል ውለህ «ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል?» ብለህ ታውቅ ይሆናል። እንግዲያውስ የሚከተለውን ተመልከት።

ልብ እጅግ ደክሞ መድኃኒት አልበቃው ሲል፥ ሐኪሞች ደም የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ በደረት ውስጥ ይተክላሉ። ፓምፑ ኃይል የሚያገኘው ቆዳን በስቶ በሚወጣ ሽቦ ከውጭ ባትሪ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ፓምፕ ከተተከለላቸው ከመቶ 52ቱ አንድ ዓመት ሲቆዩ፥ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት የቆዩት 25ቱ ነበሩ። ነገር ግን መሣሪያው ጣጣም አለው፤ ደም ያረጋል፥ ቁስል ያመረቅዛል፥ አንጎልንም ይጎዳል።

ታዲያ ከፓምፕ ፓምፕ የትኛው ይሻላል? አንድ ሆስፒታል የሚያያቸው ሕመምተኞች ጥቂት ስለሆኑ ብቻውን ሊፈርድ አይችልም። ስለዚህ በ2006 ኢንተርማክስ የተባለው መዝገብ በአሜሪካ ሥራ ጀመረ። ከብዙ ሆስፒታሎች ማን እንደዳነ፥ ማን እንደታወከ፥ ማን እንደሞተ በአንድ ዓይነት ቅጽ ይሰበሰብበታል። ኤችቫድ የተባለው ፓምፕ ከመሰሉ ይልቅ የአንጎል ጉዳትና ሞት እንደሚበዛበት ከዚሁ መዝገብ የተገኘ ንጽጽር አሳየ። ሠሪው ሜድትሮኒክም በ2021 ሽያጩን አቆመ።

እንግዲህ አስተውል፤ መዝገቡ የዳነውን ብቻ ቢቆጥር ኖሮ፥ ጉዳቱ ተሸፍኖ በቀረ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለም? አንተም ብዕርህን ስታነሣ ያማረውን ብቻ አትምረጥ። ከምትጽፋት አንዲት መስመር በታች የማታውቀው ሰው ሕይወት ሊኖር ይችላልና።