ሕፃንን በሠርግ ስለ ማሰለፍ

በአገራችን ከተሞች፣ በእኛ በሂርናም ሆነ አሰበ ተፈሪ ስንላት በኖርናት በጭሮ፣ በድሬዳዋም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ገና አፉን በደንብ ያልፈታ ሕፃን ሙሽራ አስመስሎ አልብሶ ከሙሽሮቹ ፊት ማስኬድ የተለመደ ሆኖአል። ሴቷ ነጭ ቬሎ፣ ወንዱ ሙሉ ሱፍ ከነክራቫቱ ይለብሳሉ፤ እጅ ለእጅ እንዲያያዙ ይደረጋል፤ ለአንዱ አበባ፣ ለአንዱ የቀለበት ሣጥን ይሰጠዋል፤ እንግዳውም «ትንንሾቹ ሙሽሮች መጡ» እያለ ያጨበጭባል። እኔ ይህን ነገር ክፉ ልማድ ነው እላለሁ። በዚህ የማይስቅ ሽማግሌ ደስታ የማይወድ ይባላልና ብዙ ሰው እንደሚቆጣኝ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ነገ ሠርግ የምትደግሱት እናንተ ወጣቶች ስለ ሆናችሁ ከመደገሳችሁ በፊት ክርክሬን ብትሰሙኝ አይጎዳችሁም።

ሕፃን ከሠርግ ቤት ይከልከል ማለቴ አይደለም። ሠርግ የዘመድ መሰብሰቢያ ነው፤ ሕፃንም ዘመድ ነው። በልጅነታችን ሠርግ ሲኖር ከዳሱ ጥግ ከአያታችን ጭን ላይ ተቀምጠን ከድፎ ዳቦው ቁራሽ ይሰጠን ነበር። ከበሮው ሲመታ ያሰኘው ይጨፍራል፤ ያላሰኘው እዚያው በነጠላ ተሸፍኖ ይተኛል። ቁም፣ ሂድ፣ ሣቅ የሚል አዛዥ አልነበረብንም። ዛሬም በሂርና ክርስቲያኑ ሠርግ ሲኖረው ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ አሳርዶ ለብቻ አሠርቶ ይጋብዛል፤ ሙስሊሙም በኒካሑ ቀን ክርስቲያን ጎረቤቱን አይረሳም፤ የሁለቱም ልጆች ባንድ ድንኳን ከጠረጴዛ ሥር ሲሯሯጡ ይውላሉ። ይህ የሕፃን ድርሻ ነው፤ መልካምም ነው። የምቃወመው ሕፃኑን ከእንግድነቱ አንሥተን ሥራ ስናሸክመው ነው።

ባለፈው ጥር በተጠራሁበት አንድ ሠርግ የታሰለፈችው ሕፃን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይሆናታል። ጧት ጸጉሯ ሲሠራ፣ ልብሷ ሲለካ የቀን እንቅልፏ አልፎአታል። ቬሎው የኪራይ ነው፤ አንገቷን እያሳከካት ደጋግማ ትጎትተዋለች። ከመኪና ስትወርድ ክላክሱና እልልታው፣ ከድንኳኑ አፍ የተተከለውም የድምፅ ማጉያ ባንድ ጊዜ ተቀበሏት። ምንጣፉ ላይ አምስት ርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች፤ ዞራም እናቷን ፈለገች። እናቷ ከሰው መካከል ሆና «ሂጂ የኔ ቆንጆ፣ ሂጂ!» ትላለች። ልጅቱ አለቀሰች። በዚህ ጊዜ ቪዲዮ አንሺው እጁን አንሥቶ ሰልፉን አስቆመና «እንደገና ከመኪናው ትውረድ» አለ። ሦስት ጊዜ አስወረዳት። በሦስተኛው ከረሜላ ተሰጥቷት፣ ዕንባዋ ተጠርጎ፣ እየተንሰቀሰቀች አለፈች። ቪዲዮው ተሠርቶ ሲወጣ ልቅሶዋ በዘፈን ተሸፍኖአልና የሚያየው ሁሉ «እንዴት ታምራለች!» ይላል።

ልብ አድርጉ፤ ይህች ልጅ ያጠፋችው ነገር የለም። የሁለት ዓመት ልጅ ሊያደርግ የሚገባውን አደረገች፤ ፈራች፣ እናቷን ፈለገች፣ አለቀሰች። ታላላቆቿ ግን ሦስቱንም እንደ ጥፋት ቆጥረው አረሟት። ሕፃን ሲፈራ ወደ እናቱ መሸሽ ነው የመጀመሪያው ትምህርቱ፤ እኛ በሰው ፊት ያን ትምህርት እናስረሳዋለን።

ልማዱ የመጣው ከፈረንጅ ሠርግ ነው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ሕፃኑን በማሰለፋቸው ከሕፃንነቱ አላወጡትም። ሚያዝያ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. የእንግሊዝ ልዑል ዊልያም በለንደን ባገባ ጊዜ ሙሽሮቹ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ሆነው ሲሳሳሙ ከአጠገባቸው የቆመች የሦስት ዓመት አጃቢ ፊቷን አኮሳትራ ጆሮዎቿን በእጆቿ ደፍና ታየች። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ፤ ሰውም ሁሉ ሣቀ። እኔ ግን በዚያ ሰገነት ላይ ከቆሙት መካከል የልቧን የተናገረች እርሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም እላለሁ፤ ጩኸት በዝቶባት ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሕፃኑ የሚቆመው አዋቂ እንኳ ሊቀመጥበት ከማይወደው ከድምፅ ማጉያው ሥር ነው። የሕፃን የጆሮ ቀዳዳ ጠባብ ስለ ሆነ ሹል ድምፅ ከአዋቂው ይልቅ ይበረታበታል። ስለ እንቅልፉም የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት እንዳለበት አመልክቶአል። የእኛ ሠርግ እኩለ ሌሊት ያልፋል፤ በማግሥቱም መልስ አለ፤ ያው ቬሎ እንደገና ይለበሳል።

ከሰልፉ በኋላ ያለውም አያምርም። ሕፃኑን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ጨፍር ይሉታል፤ ትከሻውን ሲነቀንቅ እንደ አዝማሪ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፉበታል። አንዱ ሞቅ ያለው ዘመድ ደግሞ የቢራውን ብርጭቆ ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ «ቅመሳት!» ይላል፤ ሕፃኑ ፊቱን ሲያጨማድድ ድንኳኑ በሣቅ ይሞላል። በዚህ ላይ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም። ነውር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ግን ሁለቱን ሕፃናት ባልና ሚስት አድርጎ ማጣመሩ ነው። አክስቷ «ባልሽ የታል?» ትላታለች፤ አጎቱ «ሚስትህን ያዛት እንጂ!» ይለዋል። በሌላ አገር ይህ ተራ ቀልድ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን ቀልዱ እውነት ሆኖ ኖሮአል። ዘውዲቱ ምኒልክ በ1868 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በ1875 ዓ.ም. ገና በስድስት ዓመታቸው ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ጋብቻው የሸዋው ንጉሥ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የታረቀበት ማሰሪያ ነበር፤ ሕፃኒቱም የዕርቁ ማኅተም ሆነች። በ1880 ዓ.ም. ባላቸው ሲሞቱ እኒያ ኋላ የነገሡት ሴት በ12 ዓመታቸው መበለት ነበሩ። ይህ በቤተ መንግሥት የሆነ ነው። በገበሬውም ዘንድ በአማራ አገር ወላጆች ልጆቻቸውን በጨቅላነታቸው፣ አንዳንድ ጊዜም ገና በማኅፀን ሳሉ፣ ቃል የሚያስተሳስሩበት ልማድ ነበር።

ሕጉ ይህን ሲያርም ቆይቶአል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ወሰነ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደነገገ። ሕጉ ጋብቻውን እንጂ ቀልዱን አይቀጣም፤ አይቅጣም። ነገር ግን በመምህርነቴ ዘመን በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል የጠፉ የብዙ ሴቶች ልጆችን ስም ሠርዣለሁ። «የት ሄደች?» ብዬ ስጠይቅ የክፍል ጓደኞቿ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እየሣቁ «ሙሽራ ሆነች» ይሉኝ ነበር። ያ ሣቅ ከሠርጋችን ድንኳን የተማሩት ይመስለኛል። እንግዲህ ሴትን ልጅ በሁለት ዓመቷ ሙሽራ አድርጎ እልል ያለ ሰው በ13 ዓመቷ ስትዳር «ሕፃን ናት» ብሎ ሲቃወም አንደበቱ ይታዘዝለታልን?

«ልጁ ራሱ ደስ ይለዋል» የሚሉኝ አሉ። አንዳንዱ በእርግጥ ደስ ይለዋል፤ አራትና አምስት ዓመት የሞላው፣ አበባውን እኔ ልያዝ ብሎ የለመነ ልጅ ይያዝ። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ከመንገድ ቢመለስ ትቆጡታላችሁን? የምትቆጡት ከሆነ ደስታው የእርሱ አይደለም። «ለትዝታ ነው» የሚሉም አሉ። የማን ትዝታ? የሁለት ዓመት ልጅ ያን ቀን አያስታውሰውም፤ የምታስታውሱት እናንተ ናችሁ። ከዚያም አልፎ ልቅሶው በቲክቶክ ይለቀቅና የማያውቀው ሰው ሁሉ ይስቅበታል፤ ሲያድግ ይህን እንደሚወድ ማን ጠየቀው? ክርስቲያን የሆናችሁ ደግሞ ጌታ ሕፃናትን ሲያመጡለት ያደረገውን ታውቃላችሁ፤ አቅፎ ባረካቸው እንጂ አላሰለፋቸውም።

አንድ ሠርግ ብቻ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱም አብረው ኖረው ልጅ ከወለዱ በኋላ ጋብቻቸውን በሥርዓት የሚፈጽሙ ባልና ሚስት ሠርግ ነው። በዚያ ቀን ልጃቸው የማንም አጃቢ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ነው። በአባቱ ክንድ ላይ ሆኖ ከመካከል ይቁም፤ ዘመድ ዘንድ ደብቀው የሚያስቀምጡትን ሰዎች እኔ አላመሰግንም።

ለቀሩት ግን፣ እጮኛ ያላችሁ ልጆቼ፣ ለእኅታችሁ ወይም ለወንድማችሁ ሚስት እንዲህ በሏት፤ ልጅሽን ይዘሽ ነዪ፣ ያማረ የልጅ ልብስ አልብሺው፣ ሥራ ግን አንሰጠውም። ቀለበቱን ሚዜው በኪሱ ይያዝ፤ ሚዜ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ከድምፅ ማጉያው የራቀ ቦታ ምንጣፍና ትራስ አስነጥፉ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሕፃናቱን ወደ ቤት የሚወስድ ሰው አስቀድማችሁ ምረጡ። አያቶች ሠርጉ ሳያልቅ አንሄድም ብለው እንደሚያስቸግሯችሁ ዐውቃለሁ፤ ስለዚህ ለአንዲት አያት ብቻ አትጣሉባት፣ ከአክስቶቹ ጋር ተራ ይግቡ።