ከማተሚያው በፊት መመርመሪያው

በጌዴኦ ዞን በቡና ለቀማ ወራት የመፈልፈያ ማሽን ዘንግ ቢሰበር ጉዳቱ የብረቱ ብቻ አይደለም። እሸት ቡናው ሳይፈለፈል ካደረ መብላላት ይጀምራል፤ የገበሬውም ገቢ ይቀንሳል። ስለዚህ የብረት ዱቄት በሌዘር እያቀለጠ መለዋወጫ የሚያትም ማሽን ለዲላ ይምጣ ቢባል ጉጉቱ ይገባናል። እኛ ግን መመርመሪያው ይቅደም እንላለን።

ዱቄቱ የሚነጠፈው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በቀጠነ ንጣፍ ነው። የሌዘሩ ኃይል ካነሰ ንጣፎቹ በሚገባ አይዋሃዱም፤ ከበዛም የሚፈላው ብረት ጋዝ እንዳፈነ ይረጋል። እርጥበት የነካው ዱቄትም (የዲላን ዝናብ ልብ ይሏል) ቀዳዳ ያበዛል። ከውጭ ያማረ ዘንግ ከውስጥ ባዶ ቦታ ይዞ ይሽከረከራል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይነሳል።

የይርጋጨፌን ቡና ደረጃ የሚያወጡ ቀማሾች ከጆንያዎቹ ናሙና ወስደው፣ ቆልተው ይቀምሳሉ። በብረት ኅትመትም ከዕቃው ጎን የሙከራ ዘንግ ታትሞ እስኪበጠስ ይሳባል። ይሁን እንጂ ቀጭኑና ወፍራሙ ክፍል የሚቀዘቅዙበት ፍጥነት ስለሚለያይ፣ የሙከራው ዘንግ ስለ ዕቃው ሁሉ አይመሰክርም። በአቪዬሽን ዘርፍ የታተሙ ወሳኝ ዕቃዎች በሲቲ ስካን ውስጣቸው የሚታየው ስለዚህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያበራቸው ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖች ሞተር ውስጥ ያለው የነዳጅ መርጫ ጫፍ እንዲህ የታተመ ነው፤ ቀድሞ 20 ያህል ክፍሎች ተገጣጥመው ይሠሩት ነበር።

ለዲላ በሲቲ ስካን ይጀመር አንልም። የብረትን ውስጥ በድምፅ ሞገድ የሚፈትሽ አነስተኛ መሣሪያና እርሱን የሚያነብ የሠለጠነ ሰው ይቅደሙ፤ ማተሚያው እስኪመጣም የየቶርኖ ቤቱን ብየዳ ይፈትሹበታል።